ለጀርባ ምርቃት የለም

ይህ የሆነው ካቻምና፣ አረፋ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። እኔ የሱቄን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ በየቀኑ የምረሳ ሰው ነኝ። ይህችን ግን መርሳት አልቻልኩም። በአንዲት ጣቴ የሠራሁት ስሕተት እስከ ዛሬ አንዲት እናት ዓይን ውስጥ ተቀምጧል።

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። አለኝ ልበል እንጂ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ቤቱን በኪሱ ይዞ መዞር ከጀመረ ወዲህ የተረፈልኝ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነው። ገበያው ይቅር እንጂ ኩራቴ አልቀረም። ሰርግ ላይ ስልክ ቀስረው የሚጋፉኝን ሳይ "እናንተ ደግሞ ፎቶ አንሺ ሆናችሁ!" እላለሁ በሆዴ። ሳቁ ወደ እኔ የሚዞርበት ቀን እንዳለ ማን ነግሮኝ!

ሰይድ አብሮ አደጌ ነው። ያደግነው ወደ አርዲቦ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ካለች አንዲት መንደር፣ አጥር ለአጥር ተጎራብተን ነው። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ እሱ ረጅም፣ እኔ አጭር። ድምፃችን ግን አንድ ነበር። ከደጅ ስንጣራ እናቱ እማ ፋጤ "አሁን የተጣራው የቱ ነው? ሰይድ ነህ ደምሴ?" ትል ነበር። የራሷን ልጅ ድምፅ ከኔ መለየት ሲያቅታት በራሷ ትስቃለች።

ሰይድ ገና ጎረምሳ ሳለ በባሕር ወደ ሳውዲ ተሻገረ። የመኖሪያ ወረቀት የለውም። አንዴ ከወጣ ተመልሶ መግባት ስለማይችል እዚያው እንደተሸሸገ ቀረ።

በዚህ መሐል እማ ፋጤን የዓይን ግፊት ያዛት። እኔና ልጇ ሐዋ ደሴ ወስደን አሳየናት። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቀስ እያለ እንደሚሄድ ነገረን። እሷ አላለቀሰችም። ስትመለስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ "ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ሰይዴን እያናገርኩት መልኩን ልየው።"

ፎቶውን አሳይተናት ነበር። "ይሄማ አይናገርም" ብላ መለሰችልን። በምስል እንዳናገናኛቸው ደግሞ የመንደሩ ኔትወርክ ጉብታው ላይ ወጥተው የሚለምኑት ነው፤ ድምፅ ያደርሳል፣ መልክ አያደርስም። እሷን ወደ ከተማ እንዳናወርዳት ጉልበቷ እምቢ ብሏል። የደሴውም መንገድ ያለ ቃሬዛ አልተሞከረም።

ሰይድ መላ አገኘሁ አለ። ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ አንድ ታብሌት ላከልኝ። "መጀመሪያ አንተ እናቴን ቀርጸህ ላክልኝ። መልኳን ልየው፣ ምርቃቷን ልስማ። ቀጥሎ እኔ ተቀርጬ እልክልሃለሁ፤ በዚያው ታብሌት እያስቆምክ ታሳያታለህ፣ እንደ ጨዋታ ይሆንላታል" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ካሜራ ማለት ለኔ አንድ ዓይን ያለው ዕቃ ነው። ይህኛው ከፊትም ከጀርባም ዓይን አለው። የምትዞር ቀስት የምትመስል ምልክት ስትነካ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። ሱቅ ቁጭ ብዬ ሞከርኩትና ናቅኩት።

በገበያ ቀን ሄድኩ። ሐዋ ገበያ ወጥታለች፤ እማ ፋጤ ብቻዋን ግቢዋ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀምጣለች። ሰላም ብያት፣ እጇን ስሜ ከፊቷ ተቀመጥኩ። ላቤን ጠረግኩና መነጽሬን አደረግኩ። መነጽር የማደርገው ለሥራ ብቻ ነው፤ እሷ አድርጌ አይታኝ አታውቅም፣ ዓይኗም ካላስጠጉላት አይለይም።

"እማ፣ ይሄን ዕቃ ሰይድ ነው የላከው። በዚህ ተናገሪ። ሰይድ ያይሻል" አልኳት።

"ያየኛል?"

"አዎ፣ ያይሻል።"

ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ ታብሌቱን ወደ እሷ ቀስሬ ያዝኩ። ቆይታ እጇን አነሳችና ከፊቷ የተገተረውን ጥቁር ጀርባ አመለከተች።

"ይሄ ምኑ ነው?"

"ጀርባው ነው እማ።"

"ኧረ ተው አንት ልጅ! ልጄን ተጀርባው ነው እንዴ የማናግረው? ተጀርባው የሚነገር ሐሜት ነው። ለጀርባ ምርቃት የለም፤ ፊቱን አዙረው!"

እውነቷን ነው። በአገራችን ምርቃት ፊት ለፊት ነው፤ መራቂው እያየህ፣ አንተ መዳፍህን ዘርግተህ አሚን እያልክ። አሚን የሚል ከሌለ ምርቃቱ የት ያርፋል? ስለዚህ ታብሌቱን አዙሬ ስክሪኑን ለእሷ ልሰጣት፣ የፊተኛውን ካሜራ ልጠቀም ወሰንኩ። ራሷን እያየች ብትናገር ምን ይጎዳል?

ያቺን ቀስት ነካኋት። እኔ ፀሐይ ላይ ነበርኩና መስታወቱ አንጸባረቀብኝ፤ የተለወጠ ነገር አልታየኝም። አልሠራ መስሎኝ ደግሜ ነካኋት። ቀይዋን የመቅረጫ ምልክት ተጫንኩ፣ ድምፅ ሰጠ፣ አዞርኩት። በቃ፣ ጥፋቴ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ንክኪ ወደ ፊት አዛውሮት ነበር፤ ሁለተኛው ወደ ጀርባ መለሰው።

እማ ፋጤ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

"ወየው ልጄ! ከስተሃል" አለች።

እኔን ያለች መሰለኝ። "ሥራ ነው እማ" አልኳት ከታብሌቱ ኋላ።

"መነጽሩ ደግሞ ተመቼ ወዲህ ነው?"

"ተቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። ለሥራ ነው፣ አታስቢ።" ከእሷ ጋር ስሆን እኔም ወደ መንደሬ አነጋገር እመለሳለሁ።

"መቼ ነው የምትመጣልኝ?"

ከከተማ ወደ መንደር ብቅ ማለት አብዝቼ ስለምሰንፍ የወቀሰችኝ መሰለኝ። ደግሞም አረፋን እሷ ዘንድ መዋል ከልጅነቴ ያለ ልማዴ ነው። "ለአረፋ እመጣለሁ እማ" አልኳት።

"ወላሂ በል።"

ወሎ ነውና ክርስቲያኑም ወላሂ ይላል። "ወላሂ!" አልኩ።

ያን ጊዜ እጆቿን ዘርግታ መረቀች። "ጀሊሉ ተፊት ተኋላ ይጠብቅህ። የነካኸው ይባረክልህ። ክፉ አይይህ፣ ክፉ አይስማህ። የወሰደህ መንገድ ይመልስህ። ያገርህን ውሃ ያጠጣህ።" እኔ ዕቃውን በአንድ እጄ ይዤ፣ ሌላውን መዳፌን ዘርግቼ አሚን፣ አሚን እላለሁ። በመጨረሻ መስታወቱን ዳበሰችው። በእንባ ነበረች። እንዲህ የሚያምር ቪዲዮ ቀርጬ አላውቅም ብዬ እየተኩራራሁ ወረድኩ።

ሱቅ ደርሼ ስከፍተው ከጥግ እስከ ጥግ የኔ ፊት ነው። መነጽሬን አድርጌ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ አሚን እላለሁ። እማ ፋጤ አንዲት ጊዜ እንኳ የለችበትም፤ ድምፅዋ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ለብቻዬ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ሰይድም ይሳቅ ብዬ ላክሁለት።

ሲደውል አልሳቀም። "አሚን ያልከው አንተ ነህ" አለኝ።

"ምን ላድርግ፣ ስትመርቅ ዝም ልበላት?"

"እሱ ይሁን። ወላሂ ያልካትስ ማን ሆነህ ነው?"

ታብሌቱን መልሼ ከፈትኩት። "ስክሪኑ ላይ ያየችው አንተን ነው፤ እኔን መስለኻታል ደምሴ" አለ። ቀጥሎ ድምፁ ተቆራረጠ፤ ኔትወርኩ ይሁን ልቅሶ አላወቅኩም።

ያኔ ነው የገባኝ። "ያይሻል" ስል ነገ ማለቴ ነበር፤ እሷ አሁን ብላ ሰማችው። አማርኛችን አሁንንም ነገንም በዚያው በአንድ ቃል ነው የሚናገር። እኔ ቃሉን ነገ ላይ አስቀመጥኩት፣ እናት ዛሬ ላይ አነሳችው። ከዕቃው ኋላ ስመልስላት የሰማችውም ያንኑ ከልጅነታችን የሚምታታባትን ድምፅ ነው።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሐዋ ደጅ ላይ ያዘችኝ። "ምን አሳይተሃት ነው? ሰይድን አየሁት፣ ለአረፋ ይመጣል ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሳለች። መነጽር አድርጓል ትላለች። ወንድሜ መነጽር አያውቅም!" የሆነውን ነገርኳት። ጭንቅላቷን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "በል ግባና ንገራት፤ እኔ አልችልም" አለችኝ።

ገብቼ ነገርኳት። እማ ፋጤ ሳቀችብኝ።

"አንተማ ተኋላ ሆነህ ይዘኸው አልነበር? እንዴት አድርገህ ተፊቱ ትመጣለህ?"

"ዕቃው ከፊትም ከጀርባም ዓይን አለው እማ። በጀርባው እኔን እያየ ነው ላንቺ ያሳየው።"

"ሰው እንኳ ጀርባው ላይ ዓይን የለው፤ ዕቃ ተየት አመጣው?" አለችና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። "አብሽር። አንተም ልጄ ነህ፤ አትቅና።"

ቀናህ ተባልኩ! በዕቃው እያሳየሁ ላስረዳት ብዬ ዘረጋሁላት። እሷ ግን ዞር በል አለችኝ፤ "የማየውን አይቻለሁ። ተእሱ በኋላ ሌላ ነገር አልጨምርበትም።" ቢያንስ መልኳን ለሰይድ ልላክ ብዬ በትክክለኛው ካሜራ እየቀረጽኩ፣ እስቲ አንድ ጊዜ መርቂው አልኳት። "መርቄዋለሁ። የተመረቀ አይደገምም፤ ያረክሰዋል" አለች። ስለዚህ ሰይድ ዘንድ ሁለት ቪዲዮ አለ። አንዱ ምርቃት አለው፣ እናት የለውም። ሌላው እናት አለው፣ ምርቃት የለውም።

ሰይድም ራሱ ለእናቱ በስልክ ሊነግራት ሞከረ። እሷ ጉብታው ላይ ስለማትወጣ፣ ቤቷ ድረስ በሚቆራረጥ ድምፅ "እኔ አልነበርኩም እማ" አላት። "መምጣት ካልቻልክ አልቀየምህም፤ ሰበብ አትፍጠርልኝ" አለችው። ከዚያ በኋላ ማናችንም አፋችንን አልከፈትንም። በነዚያ ሳምንታት የቀረችው ብርሃን ጭልጭል እያለች ጠፋች።

አረፋ ደረሰ። መቅረት አስቤ ነበር። ግን ወላሂ ብያለሁ፤ ማንም ይሁን ማን የመሰላት፣ የማለው አፍ የኔ ነው። ሄድኩ።

አዲስ ነጠላ ለብሳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ሐዋ፣ እናቷ ከስግደት ጀምሮ ከዚያ እንዳልተነሳች በምልክት ነገረችኝ። እንደ ልማዴ ከአጥሩ ውጭ "እማ፣ እንዴት ዋልሽ!" ብዬ ተጣራሁ።

"ሰይዴ!" ብላ ተነሳች። ያ ጉልበቷ፣ ሰው ደግፎ የሚያነሳው ጉልበቷ፣ ብቻውን ቆመ።

"ደምሴ ነኝ እማ። ለአረፋ እመጣለሁ ብዬሽ አልነበር?"

ቆማ ቀረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እስቲ ወላሂ በል" አለችኝ።

"ወላሂ" አልኩ።

እጇን ወደ ፊቴ ሰደደች። ግንባሬን፣ ጉንጬን ዳሰሰች። ጣቶቿ፣ ከሱቅ ስወጣ ሳላወልቀው የመጣሁት መነጽሬ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አወለቀችውና ዙሪያውን እየዳበሰች ያዘችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"እና የሰይዴ መልክ የቱ ነው?" አለች።

መናገር ጀመርኩ። ግንባሩ ሰፊ ነው፣ ቅንድቡ ላይ ከሾላ ዛፍ ሲወድቅ የተሰነጠቀው ጠባሳ አለ፣ ሲስቅ አፉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል አልኳት። አቋረጠችኝ።

"እሱንማ ወልጄዋለሁ፤ ተአንተ አልሰማም። ግን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ያንተ ነው።"

ሐዋ ወደ ውስጥ ሸሸች። እኔ ጉልበቷ ላይ ወደቅኩ። "አፍወ በይኝ እማ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት። "አፍወ ብያለሁ። ተነስ፣ በበዓል አይለቀስም" አለችኝና የእርዳቸውን ሥጋ ስለማልበላ ለኔ ብላ ለይታ ያስቀመጠችውን ማር አስመጣችልኝ። በላሁ። እንዴት እንደወረደልኝ አላውቅም።

እማ ፋጤ ዛሬም አለች፤ አላህ ያቆያት። ብርሃን ግን የላትም። እኔም ከዚያ ወዲህ ቶሎ ቶሎ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ሰይዴ ትለኛለች። ተሳስታ ይሁን አውቃ አልጠይቅም፤ አቤት እላለሁ።

በቅርቡ ሰይድ ፎቶ ላከልኝ። ዓይኑን ሲያመው ሐኪም ዘንድ ሄዶ መነጽር አዘዙለት። የእናቱ ሕመም እንዳይሆን ፈርቶ ነው የሄደው፤ ለጊዜው ደህና ነህ ብለውታል። ይህንን ለእማ ፋጤ ስነግራት ፈገግ አለች።

"አልሐምዱሊላህ። እንግዲያ ወደ መልኩ እየመጣ ነዋ" አለች።

አብሬያት ሳቅኩ። ስወርድ ግን መንገዱን ሁሉ ያቺን ሁለተኛ ንክኪ እያሰብኩ ነበር። አንዴ ነክቼ ብተዋት ኖሮ ሰይድ የእናቱን መልክ ከነምርቃቱ ያገኝ ነበር፤ እሷም የሰይድን መልክ ሲለያት እንደነበረ፣ ከነጠባሳው፣ ይዛ ትቀመጥ ነበር። አሁን በእናቱ ልብ ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቦታው የኔ አይደለም፤ የምለቅበት መንገድ ደግሞ ጠፍቶኛል።