ሳጥን የለበሰው ባና

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ባሌ መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ ከተማ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሙሽርነቴ ገና ያልለቀቀኝ፣ ፊደሉን እሱ ከጣላቸው አሮጌ ጋዜጦች ላይ ለብቻዬ የምለቅም። ቤታችን ቆርቆሮ ክዳን ነው። ለቆርቆሮ ቤት ያኔ የሚሰጠው ክብር ዛሬ ለፎቅ አይሰጥም፤ ብርዱን ግን ያደረበት ያውቀዋል። ሦስተኛዋ የቤቱ ሰው አማቴ ናቸው። ባላቸው በሞቱ በዓመቱ ከገጠር መጥተው ጓዳ ውስጥ አንድ መደብ ያዙ። ይዘውት የመጡት ዕቃ አንድ ባና ብቻ ነው።

ባናን ለማያውቅ ልንገረው። የበጉ ፀጉር ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ ተነድፎ በሴት እጅ ይፈተላል። ሸማኔ ይሠራዋል። ከዚያ ወንዶች ሙቅ ውኃ እያፈሰሱ፣ ድርና ማጉ ተጣብቆ እስኪወፍር በእግራቸው ይረግጡታል። የመንዝ ውርጭ ከዚያ ሌላ የሚፈራው ነገር የለም። አማቴ የኀዘናቸውን ዓመት ሙሉ ያን ባና ሲፈትሉ ነው የከረሙት። “ባሌ ሲሞት ጎኔ ቀዘቀዘ፤ ይሄን አገባሁ” ይሉ ነበር። ሲቀልዱ እንኳ ፊታቸው አይፈታም።

ባሌ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻ፣ ከሁለት ድምፅ ማጉያ ጋር ገዛ። በግ አርዶ ዳኛውንና አስተማሪዎቹን ጠራ። ዘፈኑ ሲጀምር ግን ድምፁ ሳሳ፤ ከቆርቆሮው ጋር እየተላተመ ይሰነጠቅ ጀመር። ዳኛው ብርሌያቸውን አስቀመጡ።

“አንተ ጸሐፊ፣ ይህች ዘፋኝ ጥርሷ ወልቋል እንዴ? ፉጨት ብቻ እኮ ነው የምታወጣው!”

እንግዳው ሁሉ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በሳምንቱ ገበያ ላይ ባሌን “የጥርሰ ወላቃዋ ባል” ብለው ሰየሙት። ስሙ ለኔም ተረፈኝ፤ ሴቶቹ ሲያዩኝ አፌን አፌን ይመለከቱ ነበር።

ባሌ እንቅልፍ አጣ። ሌላ ድምፅ ማጉያ ሊመርጥ አዲስ አበባ ሲወርድ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ሻጩ ሁለት ዓይነት እያፈራረቀ አሰማን። አንዱ ፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ጩኸታም ነው። ሌላው መልኩ ግርድፍ፣ አፉ ሰፊ፣ ከሆዱ የሚናገር። እኔ ይኸኛውን ወደድኩ፤ ባሌም እሱኑ መረጠ። ቀጭኑንም ሽቦ በወፍራም መዳብ አስለወጠ፤ “በቀጭን ቦይ ብዙ ውኃ አይሄድም” ብሎ።

ሻጩ ሽቦውን እየጠቀለለ፣ “ጌታዬ፣ ቤትዎ ምን ዓይነት ነው?” አለው።

“ቆርቆሮ ነዋ!” አለ ባሌ ደረቱን ነፍቶ።

“እንግዲያው ሽቦው ብቻውን አያድንዎትም። የድምፅ ማጉያውን ሳጥን ሆድ በበግ ፀጉር ይጠቅጥቁት። ጩኸቱን እሱ ይውጠዋል፤ ድምፁ ሞቅ ይላል።”

“የበግ ፀጉር? ለመንዝ ሰው?” ብሎ ባሌ ከት ብሎ ሳቀ።

ስንመለስ ግን እስኪታጠብ መቼ ታገሠ! ከበጉ ላይ እንደወረደ፣ ከነቅባቱ ጠቀጠቀው። ድምፁ እውነትም ለሰለሰ። ጥቂት ቀን ሲቆይ ግን ሳጥኑ በረት በረት ሸተተ፤ መዥገርም እየወጣ በግድግዳው ላይ ይሄድ ጀመር። ዳኛው ደግሞ ለማግሥቱ ለእሑድ ተጠርተዋል። በዚያ በታኅሣሥ ብርድ ፀጉር አጥቦ ለነገ ማድረስ የማይታሰብ ነው። ባሌ ሁሉንም አውጥቶ ደጅ ጣለና ወደ ጓዳ ገባ።

“እማዬ፣ ባናውን ስጪኝ።”

“ምን ልታደርገው?”

“ለሳጥኑ ነው።”

“ሳጥኑ በረደው?”

“ስሜ ነው እማዬ! አገር እየሳቀብኝ ነው።”

“ስምህ ከበረደው እዚህ ይምጣ፤ አብረን እንተኛለን። ባናውን ግን አትነካውም።”

ጫፉን ይዞ ጎተተ። እሳቸውም አልለቀቁም። ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈልቅቆ አስለቀቃቸውና በበግ መሸለቻው መቀስ ለሁለት ቆረጠው፤ አንዱን ለግራ ሳጥን፣ አንዱን ለቀኝ። እኔ፣ “እባክዎ፣ ጋቢዬን ይውሰዱ” ብዬ ባሌን ብለምነው፣ “ጋቢ ጥጥ ነው። ለሷ ስጫት” አለኝ። ሰጠኋቸው። ጥጥ ውርጭን ምን ያደርገዋል?

እሑድ ዘፈኑ ተከፈተ። እውነቱን ልናገር፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ሴትዮዋ እዚያው እኛ መካከል ተቀምጣ የምታንጎራጉር ነው የሚመስለው። ዳኛው እጃቸውን አጨበጨቡ።

“አሁን ጥርስ አበቀለች!”

ወዲያው ከጓዳ ሳል ተሰማ፤ ደረቅ፣ የማያቋርጥ ሳል። አማቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስሉ ነው ያደሩት።

“ሁለተኛዋ ዘፋኝ ደግሞ ማናት?” አሉ ዳኛው እየሳቁ።

ባሌ ፊቱ ቀላ። “የቤት ሠራተኛዋ ናት፣ ጌታዬ። ሳል አመሏ ነው።”

ሳሉ ቀጥ አለ። ሮጬ ስገባ አማቴ የጋቢውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው፣ ዓይናቸው ደም መስሎ አገኘኋቸው። እንግዳው እስኪሸኝ ድረስ አላወጡትም።

በማግሥቱ ጋቢዬን አጥፈው መለሱልኝ፤ እንዲወስዱት ብለምናቸው እምቢ አሉ። ነጠላቸውን አደግድገው በሩ ላይ ቆሙ። ባሌ ሽቦውን ከግድግዳው ጋር በሚስማር እየመታ ነበር።

“ሠራተኛ ስትሄድ ደኅና ሁኚ ይባላል” አሉት።

ቀና አላለም። ሴት ልጃቸው ራቤል የሚባል አገር ትኖር ነበር፤ ወደዚያ ከሚሄዱ ነጋዴዎች ጋር እያሳሉ ተነሡ።

ባሌ ሸክላውን ሲያጫውት፣ ሲመሰገን ሁለት ክረምት አለፈ። በኋላ የነፍስ አባቱ ነገሩን ሰምተው፣ “እናትህን ሳትታረቅ ቤትህ አልገባም” ሲሉት ሽማግሎች ይዞ፣ እኔንም አስከትሎ ራቤል ሄደ። አማቴ በደንብ ተቀበሉን። ልጃቸው እግራቸው ላይ ሲወድቅ “ይቅር ብያለሁ፤ ተነሥ” አሉት። እራት አበሉን። ከዚያ በእነዚያ ሁለት ክረምት የፈተሏቸውን ባናዎች አወጡ። ሽማግሎቹን አለበሱ። እኔን ከጎናቸው አስተኙኝ። ለልጃቸው በሩ አጠገብ ባዶ ቁርበት አነጠፉለትና ኩራዙን እፍ አሉት።