ከዘፈኔ የተቆረጠው ስንኝ

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። በዓመተ ምሕረቱ ልጆቼ ይጨቃጨቃሉ። እኔ የማውቀው፣ ታላቋን ልጄን የዳርኳት የሀዋሳ ባጃጆች ካሴት ትተው ፍላሽ መሰካት በጀመሩበት ሰሞን መሆኑን ነው።

እናቷ የሠርጉን ቀን ሳታይ ነው ያረፈችው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ የዓሣ መረብ እየጠገንኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ክራር ግን እመታለሁ። ለልጄ መሸኛ አንድ ዘፈን ገጠምኩላት። ሁለቱ ስንኞች የኔ ናቸው። ሦስተኛው የእናቷ ነው፤ ታማ ተኝታ ሳለች «ሲዳሩ ለልጆቼ ንገርልኝ» ያለችኝን ነው በዜማ ያስገባሁት። ድንኳኑ ውስጥ ስዘፍነው ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ። ቪዲዮ ቀራጩ «አባባ፣ ልቅዳው?» ሲለኝ «ቅዳ እንጂ!» አልኩት። ለቤታችን መስሎኝ።

ሲዲው ደርሶ ጎረቤት ተሰብስቦ ከፈትነው። ክራሬን ይዤ አፌን እከፍታለሁ፤ የሚወጣው ግን የማላውቃት ሴት ድምፅ ነው። ጎረቤቱ በሳቅ ሞተ። እኔ አልሳቅኩም።

በማግሥቱ ሠርጉን ወደቀረጸው፣ መሃል ከተማ ወደሚገኘው ቪዲዮ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ እግረ መንገዱን በየሰዉ ስልክ ዘፈን ይጭናል። ቁጭ ይበሉ እንኳ አላለኝም።

«የእርስዎ ላይ ሁካታ ነበረበት አባባ፤ የሠርግ ዘፈን ደረብንበት። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው።»

«የኔ ድምፅስ የት ሄደ?»

«ኮምፒውተር ላይ አለ። ሰሞኑን ብቅ ይበሉ።»

ብቅ ስል «ነገ»፣ ብቅ ስል «መብራት የለም»። በኋላ መመላለሱ አሳፈረኝና ተውኩት።

ከወራት በኋላ ባጃጅ ውስጥ እንደተቀመጥኩ የራሴ ዜማ መጣብኝ። ከሥሩ ከበሮ የሚመስል ነገር ይደልቃል፤ የሚዘፍነው አንድ ጎረምሳ ነው። ሁለቱን ስንኞች እየመላለሰ ይላቸዋል። የእናቷ ስንኝ የለም። ሹፌሩ ትከሻውን እየነቀነቀ «ፋዘር፣ አሪፍ ነው አይደል?» አለኝ። «አውርደኝ» አልኩት። መንገዴ ገና ነበር።

በሰው ላይ መጮህ ልማዴ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጮኽኩ።

«ዘፈኔን ለማን ነው የሰጠኸው?»

«የእርስዎ ለመሆኑ ወረቀት አለዎት?» አለኝና ከመደርደሪያ ሲዲ አወረደ። ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን በጣቱ እየመታ አነበበልኝ፤ ግጥሙም ዜማውም የጎረምሳው ነው፣ መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ያለ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው። ይህን እያነበበ በሌላ እጁ የሰው ስልክ ሰክቶ ዘፈን ይገለብጥ ነበር።

«እንዲያውም አባባ፣ ሠርግ ላይ ሲዘፍኑት ይጠንቀቁ። ይከስዎታል!»

ወረፋ የያዙት ልጆች ሳቁ።

«እሺ፣ ያን ቀን የቀዳችሁትን ስጠኝ። እሱ ይበቃኛል።»

«ቦታ ሲሞላብን አጠፋነው።»

የፈጠራ ሰው መብት የሚጠብቅ ሕግ ወጣ ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። የዋህ ነበርኩ። ሕጉ ቀድሞ ወረቀት ለያዘ ሰው ነው የቆመው፤ ኮምፒውተሩም የፈለገውን ለሚቆርጥ። እስካሁን በዚያ ቤት በር አላልፍም፤ ፀሐይ ቢበረታም ዞሬ እሄዳለሁ።

ታናሿ ልጄ ልትዳር ሦስት ቀን ሲቀራት ክራሬን አነሳሁ። የሚከሰኝ ይክሰሰኝ፤ እሷም በእናቷ ቃል መሸኘት አለባት። ሁለቱን ስንኞች አልኩ። ሦስተኛው የለም። እንደገና ጀመርኩ፤ በጆሮዬ የሚመጣው የጎረምሳው ድለቃ ብቻ ሆነ። ከተማው ሙሉ ቆራጣውን ለዓመታት ሲግተኝ ኖሮ የኔን ከውስጤ አጥቦ ወስዶታል። ጽፌ አላስቀመጥኩትም። ታላቋን ብጠይቃት «አባዬ፣ እያለቀስኩ ምን ሰማሁና!» አለችኝ። ሟቿ አደራ የሰጠችኝ እኔን ነው፤ የጣልኩትም እኔ ነኝ። ክራሩን ግድግዳው ሥር አጋድሜ ተቀመጥኩ።

የሚስቴ ታናሽ እህት ለድግሱ ሽንኩርት እየላጠች ጓሮ ነበረች። ስደነባበር ሰምታኝ ኖሯል።

«ጋሼ፣ የገዛ ዘፈንህን ከባጃጅ ነው እንዴ የምትማረው?»

«ጠፋብኝ» አልኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። እህቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት እሷ ናት፤ ሚስቴ ያን ቃል ስትናገርም አልጋው ጠርዝ ላይ ነበረች። ዓሣ ገዢ ስትጠራ በሻከረ ድምፅዋ፣ በታላቋ ሠርግ የሰማችው ዜማ ሳይጎድል አለችው።

ጉንጉንሽ ቢጠብቅ አትቆጪኝ ልጄ፣
ልለቅሽ ነውና እምቢ አለኝ እጄ።

ሦስቱን ቀን ሙሉ እንደ ተማሪ አስደገመችኝ። ለሠርጉ ቪዲዮ ቀራጭ አልጠራንም፤ ዘመድ አኮረፈ፣ ያኩርፍ። ታናሿ ፊቴ ቆማ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ተያዘ። ከጎኔ ሆና ያን ስንኝ ለልጅቷ ያደረሰችልኝ ይህችው የሚስቴ እህት፣ የአሞራ ገደሏ ዓሣ ሻጭ ናት።