ወደ ኮኩ ሥር የሚወርደው ቧንቧ

ራሕማ እባላለሁ፤ ጎሮ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ብዙ ሠራተኛ ይመላለስብኛል፤ አብዛኞቹ በክርክር ያደርቁኛል። ቧንቧ ሠራተኛው ገሰሰ ግን አይከራከርም። "አይሆንም" የምትለዋ ቃል ከአፉ አትወጣም። "አንተ ሚስትህንም ያገባሃት እምቢ ማለት አፍረህ ነው" እያልኩ እቀልድበት ነበር፤ እሱም ይስቃል። አሁን ያን ቀልድ ትቼዋለሁ።

ሲኤምሲ ወይዘሮ ትብለጽ የሚባሉ እናት ነበሩ። ከመቀሌ መጥተው ልጃቸው ይሕደጎ ቤት ይኖራሉ። ይሕደጎ ቦሌ ኤርፖርት ካርጎ ላይ ትራንዚተር ነው፤ ሥራው ዕረፍት አይሰጠውም። እናቱ ደረታቸውን ታመው ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ እንፋሎት ደረት ያላላል ሲባል ሰምቶ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ስቲም ሻወር አሠራላቸው። የሠራው ገሰሰ ነው። ውሃ የሚያፈላውን ማሽን ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጠ፤ እንፋሎቱ በግድግዳው ውስጥ በቧንቧ አልፎ፣ በመስታወት በተዘጋው ክፍል ከእግር ሥር ይወጣል። "ቧንቧው መሐል ላይ ሆድ ካወጣ ውሃ ያቁርና ይንተከተካል" እያለ ስንቴ ነቅሎ እንደተከለው እኔ ነኝ የማውቀው። ወለሉ ላይ የሚወርደው ውሃ ደግሞ፣ እንደ ማንኛውም ቤት፣ ከሽንት ቤቱ መስመር ጋር ተገናኘ።

ማርብሉ ሁሉ ከተነጠፈ በኋላ ወይዘሮ ትብለጽ በከዘራቸው እየተደገፉ ገብተው አዩት። ደስ አላቸው። ከዚያ ወለሉ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በከዘራው እየነኩ፣ "ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄ ውሃ የት ነው የሚሄደው?" አሉት።

"ከሽንት ቤቱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጉድጓድ ነው፣ እማማ።"

ፊታቸው ጠቆረ። ለካ እሳቸው ሻወሩን የጠበቁት ለእንፋሎቱ ብቻ አልነበረም። ጸበል ሳይጠመቁ የኖሩ ሰው አይደሉም፤ አሁን ግን የቤተ ክርስቲያኑን ብርድ ደረታቸው አልቻለውም። እንፋሎቱ ገላቸውን ሲያሞቀው፣ የተቀዳላቸውን ጸበል እዚያው ላያቸው ላይ ሊያፈሱ ነበር ሐሳባቸው። ጸበል ደግሞ ከሽንት ጋር አይሄድም።

"ወደ ጓሮ፣ ኮክ ዛፉ ሥር አውጣልኝ" አሉት። "እዚያ ማንም አይረግጠውም። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።"

ገሰሰ ለይሕደጎ ነገረው። ይሕደጎ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ያን ማርብል ያስመጣው በስንት ልፋት ነው። "ድጋሚ ልትሰብረው? ከበዓል በኋላ እናየዋለን" አለው። "አሁን ዝም ብለህ እሺ በላት፣ ደስ ይበላት።"

ገሰሰም እሺ አላቸው። ቆይተው ሲጠይቁት ደግሞ ተሠርቷል አላቸው። ስመው መረቁት፣ ልጆቹን ሁሉ በስም እየጠሩ መረቁለት።

የዚያ ሰፈር ውሃ ማሽኑ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ስለሚጋግር፣ ገሰሰ እየሄደ ማጽዳት ነበረበት። አንድ ቀን ሲሄድ፣ "ኮኩ ሥር ያለው አፈር ደረቅ ነው እኮ" አሉት። "ከሥር ነው የሚሰርገው፣ እማማ" አላቸው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲያልፍ ዘበኛውን እያስከፈተ፣ ከጓሮው ቧንቧ በባልዲ እየቀዳ የዛፉን ሥር ማርጠብ ጀመረ።

ይህን ሲነግረኝ ጮኽኩበት። "አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? ሄደህ እውነቱን ንገራቸው!"

"በምን አፌ ልንገራቸው፣ ራሕማ? እየመረቁኝ?"

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ስለ ጸበል የማውቀው ከጎረቤት የሰማሁትን ነው። አንዲት አሮጊት ይህን ብቻ አድርግልኝ ብላ ስትለምን ማታለል ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ክርስቲያን መሆን አያስፈልግም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንደዚያን ቀን አናዶኝ አያውቅም።

ዝናቡ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት፣ ባልዲውን እንደያዘ በመስኮት ጠሩት። አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ በጣም ከስተዋል።

"ገሰሰ፣ በቃህ፤ ወገብህን ትጎዳለህ" አሉት።

ባልዲውን አስቀመጠ።

"ውሃ ስታፈስ ማየት ከጀመርኩ ቆየሁ" አሉት።

"ታዲያ ጸበሉስ፣ እማማ?"

"ትቼዋለሁ። አውቄ እንዴት ከሽንት ጋር እሰደዋለሁ?"

"ምነው ሳይነግሩኝ?"

"አንተን ብጠይቅህ ታፍራለህ። ለይሕደጎ ብነግረው ይቆጣሃል። ደግሞም በልጄ ቤት እንግዳ ነኝ እኔ፤ እንግዳ ይህን ስበር፣ ያን አፍርስ አይልም።"

ያን ሁሉ ጊዜ፣ በዚያ ሕመም ላይ፣ እሱ እንዳያፍር ብለው ያለ ጸበል ከርመዋል። ገሰሰ ከዚያ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ኤርፖርት ሄደና ለይሕደጎ አንድም ሳያስቀር ነገረው። ይሕደጎ በሰው መሐል ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ቆየ። ከዚያ "ስበረው" አለው።

ቧንቧውን ከእኔ ወሰደ። ማርብሉን ሰበረ፣ ግድግዳውን በስቶ ጓሮውን ቆፈረ፣ ዳገት ቁልቁለቱን ለክቶ ኮኩ ሥር አወጣው። በልቶ ይሁን ሳይበላ አላውቅም። ነገ ይጠመቃሉ ብሎ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ሲጠብቅ፣ ወይዘሮ ትብለጽ በዚያው ሌሊት አረፉ።

ሲነጋ ደርሼ ነበር። ሰፈርተኛው በር ላይ ድንኳን ይተክላል፤ ገሰሰ ጓሮ ኮኩ ሥር ቁጢጥ ብሏል። አጠገቡ ቆምኩ። ውስጥ ሴቶቹ አስከሬኑን ለግንዘት እያጠቡ ነበር። ይሕደጎ የእናቱ ገላ እዚያው ሻወሩ ውስጥ፣ ተቀድቶ በተቀመጠው ጸበላቸው ይታጠብ ብሎ አዝዟል።

የቧንቧው አፍ መጀመሪያ ተንጠባጠበ፣ ቀጥሎ ኩልል ብሎ መውረድ ጀመረ። ገሰሰ መዳፉን ዘርግቶ ጥቂት ተቀበለና ቀና ብሎ አየኝ።

"አሙቀውላቸዋል" አለኝ።