አንቴናው ከወረደ በኋላ

ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ጀርባ ባለው ቁልቁለት፣ የዕድር አግዳሚ ወንበር ደጅ ከወጣ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ጋሽ መዝገቡ ግን ባለፈው ዓመት በየእሑዱ ከሰዓት ወንበር ሲያስወጡ የሞተባቸው ሰው አልነበረም። ስብሰባ ነበራቸው።

ጋሽ መዝገቡ ጎሚስታ ነበሩ። ጉልበታቸው ሲደክም ሥራውን ትተው ቤት ተቀመጡ። ልጅ የላቸውም። ሚስታቸው መሠረት በጡት ካንሰር ሞተች። ሆስፒታል የወሰዷት ቀን ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ፣ “በጣም ዘግይታችኋል” አላቸው። ይህን ቃል ሊውጡት አልቻሉም። አንድ አልጋ ላይ የሚያድር ሰው እንዴት ሳያውቅ ይዘገያል?

ዕድሩ ሦስት ቀን አብሯቸው ተቀመጠ። ከዚያ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ወንበሩ ተሰበሰበ፣ ሰዉም ወደ ሥራው ሄደ። ጋሽ መዝገቡ ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ቀና ሲሉ፣ ፊት ለፊት ግዛቸው በሚባል ጎረቤታቸው ፎቅ ጣሪያ ላይ የቆመውን የስልክ አንቴና አዩ። የተተከለው ሚስታቸው ሆስፒታል ከመግባቷ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ገዳዩ ተገኘ።

መጀመሪያ የነገሩት ለባለሱቋ ለናዝሬት ነው። ናዝሬት ራሷን ያማት ነበር፤ አመነች። እሷ ለደንበኞቿ ነገረች። ስልክ ጠጋኙ አክሊል ስለ ጨረር የሚያስፈራ ቪዲዮ ከኢንተርኔት አውርዶ አሳየ። ያወረደው በዚያው አንቴና ነበር፤ ያኔ ግን ይህ ለማንም አልታየውም። ወሬው በየሳምንቱ ወፈረ። ግዛቸው አፉን በገንዘብ ተለጉሟል ተባለ። ሐኪሞቹም ያውቃሉ፣ እንዳይናገሩ ታዘዋል ተባለ። “ማስረጃው የታለ?” የሚል ሲመጣ፣ “እሱን ነዋ የደበቁን!” ይባላል።

ከዚያ በፊትም ጋሽ መዝገቡ መንደሩን ጠርተው ነበር። ቦዩ ተደፍኖ ፍሳሽ በየበሩ ሲገባ ስብሰባ ቢሉ፣ የመጣችው ጎረቤታቸው ጸሐይ ብቻ ናት። ቦዩን የደፈነው ሁሉም የጣለው ቆሻሻ ነው፤ ማን በማን ይቆጣል? አንቴናው ግን ባለቤት ነበረው። ለእሱ ሲሆን ግቢው ሞላ፤ ወንበር ስላነሰ ከዕድሩ መጋዘን መጣ።

“ጋሼ፣ እኔ ይሄ ብረት ከቆመ ወዲህ ፀጉሬ አለቀ” አለ አክሊል አንድ እሑድ።

“ውሸታም! ያንተ በራ ከአባትህ የወረስከው ነው” አለች ናዝሬት።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ መዝገቡም ሳቁ። መሠረት ከሞተች ወዲህ እዚያ ግቢ ውስጥ ሲሳቅ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት በሰልፍ ሲሄዱ የሚስታቸውን ፎቶ ይዘው ከፊት ሆኑ። የማያውቋቸው ወጣቶች “አባታችን” እያሉ ደግፈው ዳገቱን አወጧቸው። ማታ የሚደውልላቸው፣ ቁርስ የሚያመጣላቸው ሰው በዛ።

አንቴናው ወረደ። ግዛቸው ፎቁን ሊሸጥ ስለነበር ከኩባንያው ጋር የነበረውን ውል ሳያድስ ቀርቶ ነው። ይህንን ለጠየቀው ሁሉ ተናገረ፤ የሰማው ግን የለም። መንደሩ አሸንፎ ነበር። ጨፈሩ። ጋሽ መዝገቡን ትከሻቸው ላይ አወጧቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ማንም አልመጣም። ለምን ይመጣል?

ደግሞ ኔትወርክ ጠፋ። ሃሎ ለማለት ዳገቱን መውጣት የግድ ሆነ። ናዝሬት ደንበኛ በስልክ ልክፈል ሲላት ገንዘቡ አልገባ እያለ ተቸገረች፤ ጋሽ መዝገቡ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ ፊቷን ታዞር ጀመር። አክሊል ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት፣ “ጋሼ፣ አንቴናውን ሲያወርዱ እኛንም አብረው አወረዱን” አላቸው። ተሳቀ። አሁን እሳቸው አልሳቁም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጋሽ መዝገቡ ቁስቋም በኩል ካለው ዳገት ላይ ሌላ አንቴና አዩ። ያው ነው፣ ቦታ ቀይሮ ነው፣ ፊቱም ወደ እኛ ነው አሉ። በየበሩ ዞረው ስብሰባ ጠሩ። ሁሉም “እሺ ጋሼ” አላቸው። እሑድ ከሰዓት ሁለት አግዳሚ ወንበር ራሳቸው እየጎተቱ ከመጋዘን አምጥተው ደጃፋቸው ላይ ደረደሩ። ጠበቁ።

ጸሐይ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች።

“ማን ነው? ማን ሞተ ጋሼ?”

“ማንም አልሞተም። ስብሰባ ነው።”

ጸሐይ እንባዋን ጠርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ባዶውን ወንበር አየች።

“ጋሼ፣ ይብቃዎት። እትዬ መሠረትን የገደላት አንቴና አይደለም።”

“አንቺ ምን ታውቂያለሽ?”

“ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት ያሳየችኝ እኮ ይሄ ብረት ሳይታሰብ ነው! ማኅበር አለኝ እያለች ስትወጣ ቁስቋም ጸበል ነበር የምንሄደው። አስምላኝ ነው ዝም ያልኩት።”

“ለምን ትደብቀኛለች?”

“ሐኪም ካየኝ ጡቴን ይቆርጠዋል ብላ ፈራች። መዝገቡ ከሰማ ጎትቶ ይወስደኛል ትል ነበር። እውነቷን ነው፣ ይወስዷት ነበር።”

ጋሽ መዝገቡ ቀስ ብለው ዞረው አዩዋት።

“አንቺን ማን ነው የላከሽ? ግዛቸው ነው?”

ጸሐይ ተነሣች። “ወንበር ሲወጣ አይቼ ሰው የሞተ መስሎኝ ነው የመጣሁት” አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳ ሄደች። በአንቴናውም፣ በቦዩም፣ በለቅሶውም ያልቀረች አንዲት ሰው እሷ ነበረች።

አመሻሹ ላይ ከሽሮ ሜዳ ጋቢ ተሸክሞ የሚመለስ ነጋዴ በዚያ አለፈ። የሰፈሩ ሰው አይደለም። ወንበሩንና ሽማግሌውን አይቶ ሸክሙን አወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

“እግዚአብሔር ያጥናዎት አባቴ” አለና ተቀመጠ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ጥቂት ዝም አለ። “ማን ናቸው ያረፉት?”

ጋሽ መዝገቡ ስብሰባ ነው ሊሉት አፋቸውን ከፍተው ነበር።

“ባለቤቴ” አሉ።

“ነፍስ ይማር። ድንገተኛ ነው?”

“አይደለም። ቆይቶባታል።” የግዛቸውን ባዶ ጣሪያ አዩ። “አንቴናው ሳይተከል ነው የጀመራት።”

ሰውየው የትኛው አንቴና እንደሆነ አያውቅም። ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት ቆይቶ ሸክሙን አንሥቶ ዳገቱን ወጣ።