ውስጡ ሁሉ መሳሳት አለበት

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ሰላማዊት ቀድማኝ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ሰላማዊት ዘንድሮ የመጣችልን ተለማማጅ ናት። የምንሠራው የቤት ዕቃ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ሲሆን፣ የእኛ ክፍል ሥራ ዕቃው ወደ ማሽን ከመሄዱ በፊት በወረቀት ላይ መልኩን ማውጣት ነው። የልጅቱ ዓይን ቀልቷል፤ ዐርብ ዕለት አርሜ የሰጠኋትን የውሃ ጆግ ንድፍ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«እትዬ፣ ቅዳሜንም እሑድንም ስፈልገው ዋልኩ። ምኑ ላይ እንደተሳሳትኩ ግን አላገኘሁትም» አለችኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ከንድፉ ግርጌ፣ ለታክሲ ወረፋ ስቸኩል በቀይ እስክሪብቶ የጫርኩት ጽሑፍ አለ። «የውስጡ መሳሳት አለበት» ይላል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ግን አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም የሰላማዊት እኩያ ሳለሁ ይህንኑ ነገር ለእኔም የጻፈልኝ ሰው ነበር። የእኔም ዓይን ያን ጊዜ እንዲሁ ቀልቶ ነበር።

የተወለድኩት ዓለም ከተማ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ማዶ ለሚያይ የመንዝ ደጋ እዚያው ነው፤ ሰው ቢጣራ የሚሰማ ይመስላል። መኪና ግን በገደል አይሄድም። እኔ ማዶ መንዝ ውስጥ ያለችው ሞላሌ ለመድረስ በአዲስ አበባ ዞሬ፣ ደብረ ብርሃን አድሬ፣ እንደገና ሽቅብ መውጣት ነበረብኝ። ጎረቤት ለመሄድ አገር ማዳረስ ማለት ይህ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ከየት ወዴት እንደምሄድ ሲሰማ «በእግር ብትመጪ ትቀድሚን ነበር» ብሎ አሾፈብኝ።

የሄድኩት እዚያ በነበረች ትንሽ የሙያ ማሠልጠኛ የእንጨትና የብረት ሥራ ለመማር ነው። አባቴ የፈቀደልኝ እየከበደው ነበር። «አንድ ዓመት ሞክሪው። ከሆነ ይሁን፤ ካልሆነ ግን ተመልሰሽ ሱቃችን ውስጥ ትቆሚያለሽ» አለኝ። ሱቁን አልጠላውም። ሆኖም እዚያ ከቆምኩ ዕድሜ ልኬን ሌላ ሰው የሠራውን ዕቃ ከመደርደሪያ እያወረድኩ ስሰጥ እንደምኖር አውቅ ነበር። እኔ ደግሞ የኩራዙን እጀታ፣ የጣሳውን ከንፈር እያየሁ «ለምን እንዲህ አድርገው ሠሩት?» እያልኩ የቤቱን ሰው የማደርቅ ልጅ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ ወንድወሰን የሚባሉ ቁጥብ መምህር ተመድበው መጡና ንድፍ ያስተምሩን ጀመር። ዕቃ ከመሥራታችን በፊት በወረቀት ላይ እንድናስበው ይፈልጋሉ። ለሳምንታት ያሠሩን መስመር ብቻ ነው። ያለ ማስመሪያ፣ ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ «ከትከሻችሁ ሳቡ፣ ከእጃችሁ አንጓ አይደለም» እያሉ። ከዚያ ሞላላ ክብ መጣ። የብርጭቆ አፍ፣ የጀሪካን ክዳን፣ የበርሜል ወገብ፣ ክብ የሆነ ነገር በጎን ሲታይ ሁሉም ሞላላ ነው። ሞላሌ ተቀምጠን ሞላላ ስንስል መክረማችን ለክፍሉ ልጆች የማያልቅ ቀልድ ሆኖላቸው ነበር። መምህሩም ከገና መልስ ንድፋቸው የሚያልፍላቸው ልጆች አዲስ አበባ ሄደው የኢንዱስትሪ ዲዛይን ትምህርት እንደሚቀጥሉ ነገሩን። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቆምኩ።

ብቸኝነት ምን እንደሆነ ያወቅኩት እዚያ ነው። ሰው ጠልቶኝ አይደለም። ከጎረቤቷ ከተማ ከዘመሮ የመጡት ልጆች በአንድ ቤት ተሰብስበው ይኖሩ ነበር፤ የሌሎቹም አገር ቅርብ ስለሆነ ዐርብ ሄደው እሑድ በሶና ቆሎ ተሸክመው ይመለሳሉ። ቅዳሜ ገበያው ሲደራ ከተማው ጢም ይላል፤ በጉም፣ ፈረሱም፣ ሱፉም፣ ሰዉም። እኔ በዚያ መሐል የማውቀው ሰው የለኝምና አንዳንዴ የማልገዛውን ዕቃ ዋጋ የምጠይቀው ድምፄን ለመስማት ያህል ነበር። ብርዱንም አልለመድኩትም። የእኛ አገር ቆላ ማሽላ ያበቅላል፤ እዚህ ግን ታኅሣሥ ላይ ውጭ ያደረ ውሃ ጠዋት በረዶ ለብሶ ይገኛል።

አከራዬ እትዬ አሰገደች ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ የገቡባቸው፣ ቀኑን ሙሉ ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ በበርጩማ ተቀምጠው የበግ ሱፍ የሚፈትሉ ሴት ነበሩ። ጠዋት «እንደምን አደሩ?»፣ ማታ «እንደምን ዋሉ?» እላቸዋለሁ። «እግዜር ይመስገን» ይሉኛል። በእኔ ክፍልና በእሳቸው ቤት መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ነው፤ ሲያስሉ ይሰማኛል፣ ሳነባም ይሰማቸው ነበር መሰለኝ። ከዚያ ያለፈ ነገር በመካከላችን አልነበረም። ኩሩና ቀዝቃዛ ሴት አድርጌያቸው ነበር።

የገና ዕረፍት ሲቃረብ ከቤታችን አንድ ዕቃ መርጠን እንድንነድፍ ታዘዝን። እኔ ክፍል ውስጥ ከፍራሽና ከሻንጣ በቀር ዕቃ ስላልነበረኝ የእትዬ አሰገደችን በርጩማ አስፈቅጄ ነደፍኩ። ሦስት እግር ያላት፣ መቀመጫዋ ከመሐል ጎድጎድ ያለ፣ የአገልግሎት ብዛት ያለሰለሳት በርጩማ ናት። መስመሮቼን አንድ ወጥ አድርጌ፣ ሁሉንም በእኩል ጥቁረት፣ ሳላሳርፍ ሳብኳቸው። ኮርቼበት ነበር። ከዚያ ጉንፋን ጣለኝ። ንድፉን አንዲት የክፍሌ ልጅ ወሰደችልኝ፤ እኔ ግን የዚያን ሳምንት ትምህርት፣ ስለ መስመር ውፍረትና ቅጥነት የተማሩትን፣ በሱፍ ባና ተጠቅልዬ አመለጠኝ።

ሲሻለኝ ተነሥቼ ብሄድ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። መምህር ወንድወሰን በዓሉን ለማክበር ወደ ቤተሰባቸው ሄደዋል። ዘበኛው ወረቀቴን ሰጠኝ። ከግርጌው «ውስጡ ሁሉ መሳሳት አለበት። ከገና መልስ አምጪው» ተብሎ ተጽፎበታል። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ነውር አለበት፣ እድፍ አለበት እንደሚባለው፣ የእኔም ንድፍ ውስጡ ሁሉ መሳሳት አለበት። አንድ ቦታ አይደለም፣ ሁሉም። የምጠይቀው ሰው ዞር ብዬ ብፈልግ መንገዱ ላይ ያለው ነፋስ ብቻ ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ አገራቸው ገብተዋል። እኔ ደግሞ ዓለም ከተማ ልሂድ ብል ደርሶ መልሱ ዕረፍቱን ይበላዋል።

እንግዲህ ስህተቱን ፍለጋ ተያያዝኩት። ጠዋት ተነሥቼ እትዬ አሰገደች ፊት እቆምና «እትዬ፣ በርጩማዋን ላፍታ ባያት?» እላለሁ። እሳቸውም ይነሡና ሰጥተውኝ አጎዛ ላይ ይቀመጣሉ። እግሮቿን በክር ለካሁ። ገልብጬ አየኋት። አንደኛው እግር ትንሽ ወደ ውጭ ያዘነበለ ስለመሰለኝ ንድፉ ላይ አዘነበልኩት፤ ያን ጊዜ የባሰ ተበላሸ። ሞላላውን አጠበብኩት፣ አሰፋሁት። ላጲሱ አለቀ። በርጩማዋና ንድፉ ልክ አንድ ናቸው፤ መምህሩ ግን ውስጡ ሁሉ ስህተት ነው ብለዋል። እየዋለ ሲያድር ስህተቱ ያለው በርጩማዋ ላይ ሳይሆን እኔው ውስጥ እንደሆነ ማመን ጀመርኩ። አባቴም ሱቁም ትዝ እያሉኝ፣ ሻንጣዬን እያየሁ አለቅሳለሁ።

የገና ዕለት ጠዋት ወጣቶቹ ሜዳ ላይ ገና ሲጫወቱ ጩኸታቸው እስከ ክፍሌ ይሰማ ነበር። እትዬ አሰገደች የአዲስ አበባ ልጆቻቸው ይመጣሉ ብለው በግ አሳርደው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ነጭ ለብሰው መኪና በመጣ ቁጥር ወደ በሩ ብቅ ይላሉ። ቀትር አለፈ። የመጨረሻው አውቶቡስ ገብቶ ሰዉን አራግፎ ጨረሰ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የክፍሌን በር አንኳኩ።

«ነይ እስቲ» አሉኝ። «እነዚያ አልመጡም። ይህን ሁሉ ወጥ ለማን ሠራሁት?»

ገብቼ ተቀመጥኩ። በርጩማዋን ለእኔ ሰጡኝ። ወጡ በገብስ እንጀራ ቀረበ። እያጎረሱኝ፣ «እኔ ምልሽ፣ ይቺን በርጩማ እንዲህ የምታገላብጫት ምን ሆና ነው? ነቀዝ በልቷት ነው?» አሉኝ።

ጉርሻው አፌ ውስጥ እንዳለ እንባዬ መጣ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ መምህሩ ስህተት ነው ብለው እንደጻፉብኝ፣ ስህተቱን እንዳጣሁት፣ ካላገኘሁት አዲስ አበባ መሄዴ እንደሚቀር፣ ዓለም ከተማ ሱቅ ውስጥ ልቆም እንደሆነ።

«እኔ ደሞ እናትሽ ናፍቃሽ የምታለቅሺ መስሎኝ» አሉ እትዬ አሰገደች።

«ሲሰማዎት ነበር?»

«ግድግዳው ጭቃ አይደል? ሳይሰማኝ!»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነሻል ሳይሉኝ?» አልኳቸው። ጥያቄው ካሰብኩት በላይ ምሬት ነበረበት።

«ስሳሳልሽ ነዋ» አሉኝ። «የሰው ልጅ ነሽ፣ ገብቼ ብጠይቅሽ ሆድ ይብስሻል፣ ትታ ትሄዳለች ብዬ። ከዚያኛው ቤት ኮቴሽን ስሰማ ደስ ይለኛል እኮ። ስሳሳልሽ ነው ዝም የምልሽ።»

እጄ እንጀራው ላይ እንዳለ ቆመ። ቃሉን የሰማሁት በእሳቸው አፍ ነው፤ ላላ ብሎ፣ ሁለቱም «ሳ» ሳይጠብቅ። «ምን አሉኝ?» ስላቸው ያልሰማሁ መስሏቸው ደገሙልኝ። ተነሥቼ ወደ ክፍሌ ሮጥኩና ወረቀቱን አንሥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «መሳሳት» ጠብቆ ሲነበብ ስህተት ነው። ላልቶ ሲነበብ መቅጠን ነው። ፊደላችን ለሁለቱም አንድ ነው፤ ማጥበቁም ማላላቱም የሚያነበው ሰው ፈንታ ነው። መምህሩ የጻፉት የውስጥ መስመሮችሽ ሁሉ ይሳሱ፣ ይቅጠኑ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ብቸኝነት፣ አጥብቄ አነበብኩት።

ስመለስ ልብሳቸው ላይ ወጥ እስኪፈስ አቀፍኳቸው። ምን እንደሆንኩ አልገባቸውም። «አይዞሽ፣ ብይ ይልቅ» አሉኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እሳቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እንደገና ነደፍኳት። የመቀመጫዋን ጎድጓድ፣ የእግሮቿን መጋጠሚያ፣ ውስጥ ያለውን ሁሉ እርሳሱን ሳልጫን በስሱ ሳብኩት። ውጫዊው መስመር ብቻ እንደነበረ ቀረ። በርጩማዋ ከወረቀቱ ላይ ብድግ ብላ መጣች፤ የምትነሣ፣ የምትያዝ ሆነች። እትዬ አሰገደች አንገታቸውን አስግገው አዩዋትና «እንግዲህ አሁንስ ልቀመጥባት?» አሉኝ።

ከበዓሉ መልስ መምህር ወንድወሰን ንድፉን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄደው አዩት። ያንን ትምህርት እንዳልተማርኩ ያውቃሉና ማን እንዳስረዳኝ ጠየቁኝ።

«አከራዬ ናቸው» አልኳቸው።

«ንድፍ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ሳሱልኝ።»

ነገሩን ዘርዝሬ ስነግራቸው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያም የውጪው መስመር ለምን እንደሚወፍር ገለጹልኝ። «የውስጡ መስመር ግራና ቀኙ ያው ዕቃው ነው። ቢሳሳም ጎረቤቶቹ ያሳዩታል። የውጪው ግን ከጀርባው ያለው አየር ብቻ ነው፤ ካልወፈረ አይታይም» አሉኝ። የሚያወሩት ስለ በርጩማ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ያሰብኩት ያን ዓመት ስለኖርኩት ኑሮ ነበር፤ ስለ እትዬ አሰገደችም ጭምር። ሁለታችንም ከጀርባችን አየር ብቻ ያለ መስሎን፣ በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ወፍረን ቆመን ነበር።

ተመረጥኩ። የአባቴም ተቃውሞ በረደ። ሞላሌን የለቀቅኩት ከሁለት ወር በኋላ በአንድ የሚነፍስ ጠዋት ሲሆን፣ እትዬ አሰገደች በሶ በቋጠሮ ይዘው እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ። «ስትመለሺ በርጩማዋን ደግመሽ ታያታለሽ» አሉኝ። እሷን ግን ደግሜ አላየኋትም። የእሳቸውን ሞት የሰማሁት አርባቸው ከወጣ በኋላ ከአንድ የሞላሌ ሰው ሲሆን፣ ለማን እንደማለቅስ የሚያውቅ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ሰላማዊት ወረቀቷን እንደያዘች ትጠብቀኛለች። «አላልተሽ አንብቢው» አልኳት። ከንፈሯ ውስጥ ሞከረችው፤ ከዚያ ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች፣ ሳቁም ወደ ለቅሶ ሊሄድ ትንሽ ቀረው። ከማን ጋር እንደምትኖር ጠየቅኳት። የተከራየችው ክፍል ውስጥ ብቻዋን እንደሆነችና ከመጣች ወዲህ የግቢውን ሰው ገና እንዳልተዋወቀች ነገረችኝ። ምሳ አብረን በላን፤ የበርጩማዋንም ነገር ያን ጊዜ አወራኋት።

ሰምታ ስትጨርስ፣ «እትዬ፣ ታዲያ ለምን ‹ይቅጠን› ብለው አይጽፉም?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። «ይቅጠን» ቢባል ማንም አይሳሳትበትም። ግን «ይቅጠን» የሚለው ቃል ውስጥ እትዬ አሰገደች የሉም።