ከዳር የምትታይ ጀልባ

ልብስ ሊያሰጣ ሰገነት የሚወጣ ሰው ሳይፈልግ የጎረቤቱን ግቢ ያያል። ይህን የሚጽፈው ሰውም ያን ቀን ያየው እንዲሁ ነው። ታች በአናጢው ግቢ ሚስቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ማዶ አጥሩ ሥር ቆሞ፣ ቀለም የጠጡ አምስት የእንጨት ቁራጮች እያነሣ በየተራ ያሳያታል። አረንጓዴውን አነሣ። ዓይኗን አጥብባ ቆየችና ቀይ ነው አለች። አናጢው አረንጓዴውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ቀዩን አነሣ።

«ጎሽ፣ አልሳትሽውም» አላት።

ከሰገነቱ የሚያየው ጎረቤት እርጥብ ሸሚዝ እንደያዘ፣ እንዲህ ያለ ሰው አጥሩ ሥር ስላኖረለት አምላኩን አመሰገነ።

አናጢውን ሰፈሩ ጋሽ በሩ ይለዋል፤ ዕድሜ ልኩን ለሰው በር ሲገጥም ኖሯል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ክር ከጨርቅ ስታዛምድ የሚደርስባት አልነበረም። አሁን ዓይኗ ደክሞ፣ የቅርቡን በዳሰሳ ብትለይም የሩቁ ጭጋግ ሆኖባታል። ሐኪሙ ከሁሉ ዘግይቶ የሚጠፋት ደማቅ ቀለም ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ከሰው ሰው ይለያያል ብሏቸዋል።

ጋሽ በሩ ሥራ ሲያቆም ለራሱ ካያክ ሠራ፤ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ቀጭን ጀልባ። ስሱን ጣውላ በኮላ ሲያጣብቅ ሚስቱ ትይዝለት ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሰውም በጣቷ እየዳበሰች፣ እዚህ ጋ ገና ጢም አለው እያለች ታርመዋለች። የሰፈሩ ሰው ደግሞ፣ በር ሲሠራ ኖሮ በመጨረሻ በር የሌለው ቤት ሠራ ብሎ ቀለደበት።

ሚስቱ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ልይህ፤ ካላየሁህ ውሃ የበላህ ይመስለኛል አለችው። እሱም የምታየው ቀለም ሳይገኝ ላይቀዝፍ ቃል ገባላት። በቫርኒሽ ብቻ ሊተዋት ያሰባትን ጀልባ ለማቅለም፣ የእንጨቱን ጅማት ሳይሸፍን ወደ ውስጥ የሚሰርግ ቀለም ገዛ። እንጨት አንዴ ከጠጣው አይለቅም፤ ለዚህ ነው አስቀድሞ በቁራጭ የሚሞከረው።

ከዚያ ሙከራ በኋላ ጋሽ በሩ ቀዩን በጣሳ በጠበጠ፣ ብሩሹን ነከረ፣ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ አደረሰና እጁ እምቢ አለው። ሚስቱ ቀዩን ማየቷን በምን ያውቃል? ቀዩ የተነሣው እሷ ቀይ ካለች በኋላ ነው። እሷም ቢሆን የሱው ብጤ ናት፤ ነገ ባዶ ውሃ እያየች አየሁህ ትለዋለች። እሱ ታየኛለች ብሎ ሲቀዝፍ፣ እሷ ልቧ ተንጠልጥሎ ልትቀመጥ ነው።

የብሩሹ ድምፅ ሲጠፋባት ግድግዳ እየዳበሰች መጣች።

«አንተ ሰው፣ ምነው ቆምክ?»

«ይደርሳል።»

«ቀዩን ስታነሣ እንጨቶቹ ተጋጭተው ሰምቻለሁ። የደከመው ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

ጋሽ በሩ ብሩሹን ጣሳው ላይ አጋደመ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ጎሽ ስትለኝ ደስ አለኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። እንደገና እንሞክረው ቢላት፣ አንተ ከያዝከው ያው ነው አለችው። እውነቷን ነበር፤ ፊቷ ሲጨልም እያየ እንጨት ሳይለውጥ መቆም እንደማይሆንለት ራሱን ያውቃል።

በማግስቱ የጎረቤቱን በር አንኳኳ። በሩ እንደ ልማዱ እየጮኸ ሲከፈት፣ አናጢው የገዛ ሥራውን ሰምቶ ፊቱን አኮማተረ። አምስቱን ቁራጮች በብብቱ ይዟል።

«የሠራኸው በር ይጮኻል ብለህ ፊት ለፊት የነገርከኝ ከሰፈሩ አንተ ብቻ ነህ» አለው። «ያኔ ተቀይሜህ ነበር። አሁን እንጨቶቹን ሐይቁ ዳር አንተ ያዝልኝ። እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ስትሳሳት፣ እባክህ ወንድሜ፣ ተሳሳትሽ በላት።»