ለጎሮው ሃጂ የለቀቅሁት ነጭ

በዚያ ዘመን ሮቤ ውስጥ ከእኔ በላይ ቼዝ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ልቤን ያሳበጠው አንድ ፎቶኮፒ ነው። ከአንድ የቼዝ መጽሐፍ ላይ የተባዙ ጥቂት ገጾች እጄ ገብተው፣ ነጭ የያዘ ሰው ጨዋታውን እንዴት እንደሚከፍት ከአንደኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው እርምጃ ሸመደድኩ። ጥቁር የያዘ ምን እንደሚያደርግ የሚናገረው ክፍል አልተባዛም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የዞኑ የመጨረሻ ጨዋታ ጎባ ነበር። ያሸነፈ ባሌን ወክሎ በማግስቱ አዳማ ይሄዳል። አዳማን አይቼ ስለማላውቅ ገና ሳልጫወት ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩ፤ መዝገብ ቤት አብረውኝ የሚሠሩትን አንድ በአንድ ተሰናበትኩ። እናቴ ዳቦ ቆሎ አዘጋጀችልኝ። ጎባ የደረስኩት ቦርሳዬን አንግቼ ነው።

ዕጣ ሲወጣ ነጭ ደረሰኝ። በቼዝ የሚጀምረው ደግሞ ነጭ ነው። በደስታ ልፈነዳ ስል ተጋጣሚዬ ገቡ፦ ጎሮ ሱቅ ያላቸው፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሃጂ። አዳራሹ ብድግ አለ። «አከም ጂርቱ» ተባብለን፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ስንዴው ደህና መሆኑን ጠያይቀን ተቀመጥን። እጄን ወደ ወታደሬ ስሰድ ሰው ሁሉ ያየኛል። አባቴን የሚያክሉ ሰው ተቀምጠው እኔ ልቅደም?

«እርስዎ እያሉማ አልጀምርም!» አልኩ፣ አዳራሹ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

«ተው ልጄ፣ ዕጣው ያንተ ነው።»

«በሞቴ ይጀምሩ!»

ዳኛው «ከተስማማችሁ ምን ቸገረኝ» አለ። ሰሌዳውን አዞርነው። «ጉደዹ፣ እደግ» ብለው መረቁኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «የጨዋ ልጅ!» ስትል ሰማሁ፤ ደስታዬን አልደብቅም።

ሃጂ የዳሩን ወታደር አንድ እርምጃ ገፉ። ይህ ፎቶኮፒዬ ላይ የለም። ሌላ ስለማላውቅ ጥቁር ይዤ የነጩን እርምጃዎች መደርደር ጀመርኩ። አምስተኛው ላይ ፈረሴ ተበላ፤ ዘጠነኛው ላይ ንግሥቴ። አሥራ ሁለተኛው ጋ ሳልደርስ አለቀልኝ።

ስንጨባበጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እኔ እንኳ ነጭ አልወድም፤ ጥቁር ነው የለመድኩት። ሰው ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው የተቀበልኩህ።»

ያኔ አፈርኩ። እሳቸው ያንሾካሾኩትን ጨዋነት እኔ ለአዳራሽ ነበር የጮህኩት።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሳገኛቸው፣ አሸንፋለሁ ብለው ስላልመጡ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ቦርሳዬን ከነዳቦ ቆሎው ሰጠኋቸው። የሚያውቀኝ አንድም ሰው በአካባቢው አልነበረም።

ማንም ስላላየኝ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።